የአንባብያን ጥያቄ፦ የባሕር አረም ለደገኛ ይስማማልን?

ጥያቄ፦ ደቡብ ኮሪያ ለትምህርት የሄደችው የእኅቴ ልጅ ሁለት ዓይነት የደረቀ የባሕር አረም ላከችልን። አንደኛው ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ስስ ሉህ ነው፤ ሁለተኛው ወፍራም፣ ጠፍር የሚመስልና ላዩ ላይ ነጭ ብናኝ ያለበት ነው። ልጅቱ ለጤና እጅግ ጠቃሚ እንደሆነ፣ በተለይም አዮዲን ስላለው ለእናቴ እንቅርት መድኃኒት እንደሚሆን ነግራናለች። እናቴ 60 ዓመት አልፏቸዋል፤ እንቅርቱም ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ነው። በእርግጥ ይጠቅማቸዋልን? ምን ያህልስ ይበላል? በጾምስ ይፈቀዳልን?
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ የእናትዎ ጉዳይ ከሌላው ስለሚቀድም መልሳችንን ከዚያ እንጀምራለን። እናትዎ የታይሮይድ ዕጢያቸውን ሳይመረመሩ የባሕር አረም፣ ይልቁንም ወፍራሙን፣ ለእንቅርት መድኃኒት ብለው እንዳይወስዱ እንመክራለን።

ልጅቱ ይህን ያለችው ግን ከመሬት ተነሥታ አይደለም። ከአንገት ሥር የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ሥራውን የሚሠራው በአዮዲን ነው፤ አዮዲን ሲያጥረው የተገኘውን ጥቂት አሟጥጦ ለመጠቀም እየሰፋ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ እንቅርት የሚመጣውም በዚህ መንገድ ነው። አዮዲን በብዛት የሚገኘው በባሕር ውስጥ ሲሆን፣ እንደ መንዝና እንደ አንኮበር ባለው፣ ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥበው በኖረ ተዳፋት ደጋ ግን ከአፈሩም ከእህሉም ያንሳል። የንጥረ ነገሩ መገኘት ራሱ ከባሕር አረም ጋር የተያያዘ ነው። በ1811 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ቤርናር ኩርቷ ለባሩድ መሥሪያ የሚሆን ቅመም ከባሕር አረም አመድ ለማውጣት ሲሠራ ሐምራዊ እንፋሎት ተነሣ፤ እርሱም አዮዲን ሆነ። በ1820 እ.ኤ.አ. የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ኩዋንዴ ይህንኑ ለእንቅርት ሕሙማን መስጠት ጀመረ። እንቅርታቸው የጎደለላቸው ነበሩ፤ መጠኑ በዝቶባቸው የተጎዱም ነበሩ፤ የእኛም ስጋት ከዚህ የተለየ አይደለም።

አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃዋል፤ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት የዓለም ጤና ድርጅት 250 ማይክሮግራም ይመክራል። ሊታለፍ የማይገባው ከፍተኛ መጠን ደግሞ ለአዋቂ በአሜሪካ 1,100፣ በአውሮፓ 600 ማይክሮግራም ተብሎ ተወስኗል። የላከችላችሁ ስሱ ሉህ ኮሪያውያን ጊም፣ ጃፓናውያን ኖሪ የሚሉት ሲሆን፣ አንድ ትልቅ ሉህ 3 ግራም ገደማ የሚመዝንና በውስጡ ያለው አዮዲን አብዛኛውን ጊዜ ከዕለት ፍላጎት የማያልፍ በመሆኑ ጤነኛ ሰው አልፎ አልፎ ቢበላው የሚያሰጋ ነገር የለውም። ወፍራሙ ግን ዳሺማ ወይም ኮምቡ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። የዚህ አንዲት ግራም ብቻ ከ1,000 ማይክሮግራም በላይ አዮዲን ልትይዝ ትችላለች፤ ሲቀቀልም አዮዲኑ ወደ ውሃው ስለሚወጣ ቅጠሉን ትቶ መረቁን መጠጣት መፍትሔ አይሆንም።

ብዙ ዓመት የቆየ እንቅርት በውስጡ እባጮች ሊኖሩት ይችላል፤ እነዚህም ለረጅም ጊዜ አዮዲን ተርበው ከቆዩ በኋላ ድንገት ብዙ ሲያገኙ ያለ ልክ ሆርሞን ማምረት ሊጀምሩ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ የልብ ምት ይፈጥናል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰውነት ይከሳል፤ በእናትዎ ዕድሜ ላሉ ሰዎች ለልብም አደገኛ ነው። ተቃራኒውም ይደርሳል፦ የበዛ አዮዲን ዕጢውን ሥራ ሊያስፈታው ይችላል። ኮሪያውያን ለአራስ ሚዮክ የሚባል የባሕር አረም ሾርባ ይሰጣሉ፤ ገንፎ በእኛ አገር ያለው ቦታ ለዚህ ሾርባ በእነርሱ ዘንድ አለው። እዚያም ቢሆን መጠኑ ሲበዛ ትርፉ አዮዲን በጡት ወተት ለሕፃኑ ስለሚተላለፍ ሐኪሞች ልክ እንዲኖረው ያሳስባሉ።

ስለዚህ እናትዎን ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው፤ የታይሮይድ ሆርሞን በደም ምርመራ ይታወቃል፣ እባጩም በአልትራሳውንድ ይታያል። ለቀረው ቤተሰብ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ይበቃል። በኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. በደንብ ተደንግጓል። ጨውን በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ማስቀመጥ፣ ወጡ ላይም ሊወርድ ሲል መጨመር ይገባል፤ ለከብት የሚሰጠው አሞሌ ግን አዮዲን የተጨመረበትን ጨው አይተካም።

ከአዮዲን ውጪ ያለው ጥቅሙ እውነተኛ ቢሆንም በወሬ ከሚባለው ያነሰ ነው። በደረቁ ሲለካ ኖሪ በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ነገር ግን በ3 ግራም ሉህ ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን ከአንድ ጭብጥ ሽምብራ ቆሎ ጋር አይወዳደርም። አሰርም አለው፤ የሰሜን ሸዋ ሰው ግን ኮሌስትሮልን በሚቀንስ አሰር የታወቀውን ገብስ በደጁ እያመረተ ለዚህ ሲል የባሕር አረም መግዛት አያሻውም። ልዩ የሚያደርገው ኖሪ ከእንስሳ ተዋጽኦ ውጪ በሆነ ምግብ ብዙም የማይገኘውን ቫይታሚን ቢ12 መያዙ ነው። ለረጅም ጊዜ ለሚጾሙ ሰዎች ይህ ደስ የሚል ዜና ቢሆንም፣ ጉበት ቢ12ን ለዓመታት ስለሚያከማች በፍስክ ወራት ሥጋ፣ ወተትና ዕንቁላል ለሚበላ ሰው አስጨናቂ ጉዳይ አይደለም።

ጾምን በተመለከተ የባሕር አረም ከእንስሳ ወገን አይደለም፤ ነገር ግን ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ባልተቋጨበት አገር የሥርዓቱን ነገር ለንስሐ አባትዎ መተው ይሻላል። እኛ የምንለው ማሸጊያውን ያንብቡ ብቻ ነው፤ በቅመም የተዘጋጁት አንዳንዶቹ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ቅመም አላቸውና። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በቫይታሚን ኬ ምክንያት፣ ኩላሊቱን የታመመ ደግሞ በፖታሲየሙ ምክንያት ሐኪሙን ሳያማክር አይብላ። ሂጂኪ የሚባለው ጥቁር ዓይነት አርሴኒክ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር በብዛት ስለሚይዝ ከነጭራሹ ቢቀር ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ስፒሩሊና የሚባለው አረንጓዴ ዱቄትስ ያው የባሕር አረም ነውን?
አንባቢ፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ አይደለም። ስፒሩሊና በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ሲሆን የሚኖረውም ጨዋማ በሆኑ ሐይቆች ነው፤ በአገራችንም ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው የአረንጓዴ ሐይቅ በዚህ ይታወቃል። ፕሮቲን አለው፤ አዮዲኑ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ቢ12 ተብሎ የሚነገርለትም አብዛኛው ሰውነታችን ሊጠቀምበት የማይችለው ዓይነት ነው። ከሐይቅ ዳር በእጅ ተለቅሞ የደረቀውን አይግዙ፤ መርዝ የሚያመነጩ ሌሎች ተሕዋስያን ሊቀላቀሉበት ይችላሉ።