ደሴ ላይ ዊግ ማጅራቱ ለምን ይቋጠራል? ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ «ኮምቦልቻ እያለሁ ደህና የነበረው ዊጌ ደሴ ከመጣሁ ወዲህ ማጅራቱ ይቋጠራል፣ ፊቴ ላይ ይለጠፋል፣ ሳጥበው ባሰበት፤ ልጣለው?» ላልሽው ነው። አብሽሪ፣ አይጣልም። ረጅምና ቀጥ ያለ ሂውማን ሄር (ከእውነተኛ የሰው ፀጉር የተሠራ) ነው ብዬ ልያዝ።

ጥፋቱ የካፖርትሽ ኮሌታ ነው። ኮምቦልቻ በስስ ልብስ ነበር የምትወጪው። ደሴ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋቱ ብርድ፣ አየሩ ደረቅ። የራስሽ ፀጉር ከራስ ቆዳሽ ወዝ ያገኛል፣ ዊግ ከየትም አያገኝም። የደረቀው ፀጉር በሱፍ ሻርፕ ወይም በፖሊስተር ሂጃብ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ፊትሽ ላይ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። ማጅራቱን ደግሞ ኮሌታው ቀኑን ሙሉ ይፈትገዋል፣ ማታ ላይ ቋጠሮ ሆኖ ይጠብቅሻል።

1. ግማሽ ሜትር ሳቲን ገዝተሽ ለልብስ ሰፊ ስጪ፤ የኮሌታውን ውስጥ ገበር ያድርግልሽ። በተረፈው ሻርፕሽን አስገብሪ። ሂጃብ የምትለብሺ ከሆነ ከሥሩ የሳቲን ቦኔ አድርጊ። ነጠላ ጥጥ ስለሆነ ከፖሊስተር ይሻላል፣ ግን እሱም ወዝ ይመጥጣል። ባጃጅ ከመሳፈርሽ በፊት ፀጉሩን ላላ አድርገሽ ጎንጉነሽ ወደ ፊት አምጪው፤ ቢሮ ስትደርሺ ትፈቺዋለሽ።

2. የፕላስቲክ ማበጠሪያውን ተይው፣ ኤሌክትሪኩን ያባብሳል። ጥርሱ ሰፊ የሆነ የእንጨት ያዢ። በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ኮንዲሽነር በጥብጠሽ በመርጫ ጠርሙስ አስቀምጪ። ማታ ማታ ማጅራቱ ላይ ብቻ ትንሽ ንፊና ከጫፉ ጀምረሽ ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ እየወጣሽ አበጥሪ። ከሥሩ ወደ ታች ከጎተትሽ ቋጠሮው ይጠብቃል፣ ፀጉሩም ከስፌቱ ይነቀላል። ከዚያ 2 ጠብታ የአርጋን ዘይት መዳፍሽ ላይ አሽተሽ ከመሃል እስከ ጫፍ፤ ሌሱን (ፀጉሩ የተቋጠረበትን ስስ መረብ) አታስነኪ፣ ፀጉሩን የያዙት ቋጠሮዎች ይላላሉ።

ቅቤ የምትቀቢ ከሆነ ደግሞ ዊግ በማታደርጊበት ቀን ይሁን፣ ታጥበሽም ጨርሺው። በብርድ ይረጋል፣ መረቡ ውስጥ ገብቶ ይሸታል፣ ሙጫም አያስይዝም።

3. ማጠብ። ብዙ ብር የሚቃጠለው እዚህ ነው። «ሳጥበው ባሰበት» ካልሽ ወይ ሳታበጥሪ ውሃ ውስጥ ከትተሽዋል፣ ወይ እሳት ዳር አድርቀሽዋል። ምናልባትም ሁለቱንም። መጀመሪያ በደረቁ አበጥሪ። ለብ ባለ ውሃ ሻምፖ በጥብጠሽ 5 ደቂቃ ዘፍዝፊ፤ እንደ ልብስ አትሺው፣ ከላይ ወደ ታች በጣትሽ አውርጂው። ኮንዲሽነር ከመሃል እስከ ጫፍ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ አለቅልቂ። ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ጠቅልይና ተጫኚው፣ አትጠምዝዢው።

አሁን ማድረቁ። ኮምቦልቻ ላይ በግማሽ ቀን የሚደርቀው ደሴ ላይ ከብርዱ የተነሳ ሊያድር ይችላል፤ ፀጉሩ ደርቆ እንኳ መረቡ እርጥብ ይሆናል። ስለዚህ በማግሥቱ በማትፈልጊው ቀን፣ በጠዋት እጠቢ። መቆሚያ ከሌለሽ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ላይ አልብሰሽ ነፋሻ ጥላ ውስጥ አቁሚው። እርጥቡን አድርገሽ ከወጣሽ ሹሩባሽ ሻግቶ ይሸታል። ከሰል ምድጃ ዳር ማድረግ ግን ዊጉን መግደል ነው፤ አንዱ ጎን ተለብልቦ ሌላው ይቀራል፣ የጭሱም ሽታ ቶሎ አይለቅም። ፎን ካለሽ በቀዝቃዛው አድርጊው፣ መረቡን ከውስጥ በኩል። ፒያስትራ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በፍጹም! ውሃው ፀጉሩ ውስጥ ይፈላና ክሩን ከውስጥ ያፈነዳዋል። ደርቆም ቢሆን ከ180 ዲግሪ አታሳልፊ። ይህ ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ፀጉር ቤት ወስደሽው «ስቲም እናድርግለት» ቢሉሽ ብርሽን ያዢ፤ የተቃጠለ ፀጉር በስቲም አይመለስም።

እንዲህ አድርገሽም ካልተስተካከለ የገዛሽው ሂውማን ሄር ላይሆን ይችላል። ከሲንተቲክ (ከሰው ሠራሽ ፀጉር) ጋር የተቀላቀለውን «ኦሪጅናል» ብለው የሚሸጡ ሞልተዋል። ከውስጠኛው መስመር አንዲት ክር ቆርጠሽ በክብሪት ለኩሺ፦ የሰው ፀጉር የተቃጠለ ፀጉር እየሸተተ አመድ ይሆናል፣ ሲንተቲክ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። ቅልቅል ሊሆን ስለሚችል ከተለያየ ቦታ ሦስት አራት ክር ሞክሪ። ስትገዢም ይህንኑ ጠይቂ፤ «አይቆረጥም» ያለሽ ነጋዴ መልሱን ነግሮሻል።

ሲንተቲክ ሆኖ ከተገኘ ዘይቱን ተይው። በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ የልብስ ማለስለሻ ጨምረሽ 15 ደቂቃ ዘፍዝፊው፣ አለቅልቀሽ አድርቂ። ሙቀት የማይችለውን ዓይነት ፎንም ፒያስትራም ያቀልጡታል። እንጀራ ስትጋግሪም አውልቂው፤ አክንባሎው ሲነሳ የሚወጣው እንፋሎት ግንባሩ ላይ ያለውን ፀጉር አንዴ ካኮማተረው አይስተካከልም።