እናቴ የጣሊያናዊ ልጅ ናቸው፤ አባታቸውን በሕግ ማሳወቅ ይችላሉ?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ አያቴ በጠላት ወረራ መጨረሻ ከአንድ ጣሊያናዊ ሾፌር ወታደር ጋር ተዋደው ነበር። ጃንሆይ መጋቢት 28 ቀን 1933 ከተማችን ሲገቡ ሰውየው ከጦሩ ጋር ሸሽቷል፤ አያቴም ነፍሰ ጡር ነበሩ። በ1934 የተወለዱት እናቴ ዛሬም አሉ፤ የሚጠሩት በእናታቸው አባት ስም ነው። በጀርባው የሰውየው ሙሉ ስምና የትውልድ ከተማው የተጻፈበት ፎቶ አለን። የጣሊያን ዜግነት እናገኛለን?

መልስ፦ ዜግነቱን ለጊዜው ይተዉት። መቅደም ያለበት የአባትነት ክስ ነው፤ ከሳሽዋም እናትዎ እንጂ እርስዎ አይደሉም። በጣሊያን ፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ አባቱ እንዲታወቅለት የሚያቀርበው ክስ በይርጋ (በጊዜ ማለፍ) አይታገድም። እናትዎ ሳይከሱ ካረፉ ግን (ዕድሜ ይስጥልን) ልጆቻቸው መክሰስ የሚችሉት በሁለት ዓመት ውስጥ ብቻ ነው። ሰውየው ዛሬ በሕይወት ይኖራል ስለማይባል ተከሳሾቹ ወራሾቹ ይሆናሉ።

የጋብቻም ሆነ የልደት ወረቀት አለመኖሩ አያስደንግጥዎ። የ1929ኙ የፋሺስት ሕግ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሳስር ነበር። የ1932ቱ ደግሞ ከእሷ የወለደውን «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። ሰውየው ቢፈልግ እንኳ ማስመዝገብ አይችልም ነበር፤ «ትቷት ሄደ» የሚለውን የመንደር ፍርድ ለመንደሩ እተወዋለሁ። ሕጎቹ ከጦርነቱ በኋላ ተሽረዋል።

የአያትዎ ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ፎቶውም አባትነትን አያረጋግጥም። ጥቅሙ ቤተሰቡን ማስገኘቱ ነው፦ በስሙና በትውልድ ከተማው የውትድርና መዝገቡ ይፈለጋል፣ ከዚያ ዘመዶቹ፣ ከዚያ የዲ ኤን ኤ ምርመራ። እናትዎ በአያታቸው ስም መጠራታቸው አይጎዳም። አያትዎ ኋላ ያገቡት ባል ካለና እናትዎን በሕግ ልጄ ብሎ ከተቀበለ ግን መጀመሪያ ያንን የሕግ አባትነት ማስነሳት ግድ ይሆናል፤ ይህን አሁኑኑ ያጣሩ።

ቢፈረድላቸው ጣሊያናዊነትን ለመምረጥ አንድ ዓመት አላቸው። ከመረጡ በእኛው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ኢትዮጵያዊነታቸውን እንደተዉ ይቆጠራል፤ በስማቸው የእርሻ መሬት ካለ ሳይመክሩ እንዳይፈርሙ። ምርጫቸውም ለአካለ መጠን ለደረሱት ለእርስዎ በቀጥታ አይተላለፍም፤ የተነሡት ለፓስፖርት ከሆነ መንገዱ ጠባብ ነው።

ክሱን የሚይዘው የጣሊያን ጠበቃ ነው፤ ውክልናውን እናትዎ ራሳቸው ቀርበው ይፈርሙ። ፎቶውን ደግሞ ላሚኔት አያስደርጉት፤ የጀርባው ጽሕፈት በባለሙያ ሊመረመር ይችላል።