መልስ፦ ሻባት ሲገባ የእናቴ ማሞቂያ ይጥፋ ወይ?

ሰላም እህቴ። እናትሽ ኢየሩሳሌም ሻባት (የአይሁድ ሰንበት) ሲገባ ዓርብ ማታ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን አጥፍተው በብርድ ያድራሉ ላልሽው፣ ማጥፋት የለባቸውም። በራቢዎቹ (የአይሁድ ሃይማኖት መምህራን) ሕግ የተከለከለው በሻባት ማብራት፣ ማጥፋትና ሙቀቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። አስቀድሞ የበራ ማሞቂያ እስከ ቅዳሜ ማታ ቢቆይ ችግር የለውም።

ግን አልፈርድባቸውም። አገር ቤት ቤተ እስራኤል በሰንበት እሳት አታንድዱ የሚለውን ኦሪት ዘፀአት 35፥3ን እንደ ቃሉ ይዘው፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን ያጠፉ ነበር። ሰንበትን ቀዝቃዛ ምግብ በልተው ነበር የሚውሉት። እዚያ ላደገ ሰው ማሞቂያ የበራበት ቤት ሰንበት ሰንበት አይለውም።

ሌሊቱን ሙሉ እንዳይነድ ካሉ ሻዖን ሻባት የሚባለውን ሰዓት ቆጣሪ ግዢላቸው። የሚበራበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት ዓርብ ቀን ሞልቶ መተው ነው። 16 አምፔር የሚችለውን ውሰጂ፤ ደካማው ይቀልጣል። ማሞቂያውም በእጅ የሚዞር ማብሪያ ያለው ይሁን፤ ብዙው ዲጂታል አንዴ ከጠፋ በራሱ አይነሳም። ደግሞ ኢየሩሳሌም የሻባት መግቢያ ሻማ የሚበራው ፀሐይ ከመጥለቋ 40 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው፤ ሰዓቱ እንዳያመልጣችሁ።

ብርዱ ለሕይወታቸው የሚያሰጋ ከሆነ ግን ጥያቄም የለው፤ በሻባትም ይበራል። ነፍስ ማዳን ሻባትን ይሽራል። ብቻ በብርዱ ተማርረው ከሰል ቤት ውስጥ እንዳያስገቡ አደራ፤ ከከሰሉ የሚወጣው የማይታይ መርዛማ ጋዝ ይገድላል።