ዓሣው ከውኃ ሳይወጣ፦ ብቻቸውን ለሚያጠምዱ ወጣቶች

ልጆቼ፣ በዓሣ ሀብት ባለሙያነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ጣና ዳር ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቅዳሜ ማለዳ መንጠቆዬን ይዤ ወደ ውኃው መውረዱን አልተውኩም። አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ብቻችሁን ስታጠምዱ፣ በአንድ እጃችሁ ዓሣውን በሌላው ስልካችሁን ይዛችሁ ፎቶ ለማንሣት ስትታገሉ አያለሁ። የምጽፍላችሁ ስለዚያች ደቂቃ ነው።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ከንፈሩ የወፈረ ትልቅ ነጭ ዓሣ ያዝኩ። የታችኛው ከንፈሩ ተንጠልጥሎ፣ ቅርፊቱ በማለዳ ፀሐይ ወርቅ መስሎ ነበር። ሣር ላይ አጋደምኩትና ስልኬን ፍለጋ ቦርሳዬን መበርበር ያዝኩ። ስልኩን ድንጋይ ባስደግፈው ወደቀ፤ መልሼ ባቆመው ሰማዩን ብቻ አነሣ። ፎቶው ሲሳካልኝ ዓሣው አፈርና ደረቅ ሣር ለብሶ ነበር። ወደ ውኃው መለስኩት። የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ሁለት ጊዜ ከፈት ከደን አደረገና ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መንጠቆ ከመጣሌ በፊት ስልኬን አቆማለሁ። ማቆሚያ ስታንድ ከሌላችሁ መሬት ላይ የተከላችሁት ዱላና የጎማ ማሰሪያ ይበቃል። ዓሣው የሚመጣበት ቦታ ላይ ጫማችሁን አስቀምጡና አንሡት፤ ጫማው በደንብ ከታየ ዓሣውም ይታያል። ፀሐይዋ ከስልኩ ጀርባ ትሁን። ታይመሩን አሥር ሰከንድ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ እኔ ግን ቪዲዮ ከፍቼ መተዉን እመርጣለሁ። ሁለቱም እጆቼ ነፃ ይሆናሉ፣ በኋላ ከቪዲዮው ውስጥ ጥሩውን ምስል አወጣለሁ።

ይህ ሁሉ እስኪዘጋጅ ዓሣው መረብ ውስጥ፣ ውኃው ውስጥ ይቆይ። እጃችሁን ሳታርሱ አትንኩት፤ ያ የሚያንሸራትተው ልባስ ከበሽታ የሚጠብቀው ነው። አንድ እጅ ከጭራው በላይ፣ አንድ እጅ ከሆዱ ሥር፤ ጣት ስንጥብ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ስታነሡት እናንተም ትንፋሻችሁን ያዙ። መተንፈስ ሲያምራችሁ እሱንም መልሱት።

ለምግብ የምትፈልጉት ቢሆንም ሳይሞት አንሡት። ከሞተ በኋላ ቀለሙ ይጠፋል፤ እኔ ደግሞ ከፎቶው የምፈልገው ያንን ቀለም ነው። የዓሣ ተመራማሪዎች ልማድ ጭንቅላቱን ወደ ግራ አድርጎ ግራ ጎኑን ማንሣት ነው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሜትር ከጎኑ ዘርጉ። አንድ ፎቶ ደግሞ ከአፉ ቀረብ ብላችሁ ውሰዱ።

ስለ አፉ የምወተውተው በምክንያት ነው። በጣና ነጭ ዓሣ የምንለው፣ በጫሞ በዚሁ ስም ከሚጠሩት ናይል ፐርች ፈጽሞ የተለየ ነው። የኛውም ቢሆን አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ዓሦቹን ለይቶ ስም ሰጥቷቸው ነበር፤ በ1973 ግን አንድ ዝርያ ናቸው ተብለው ተጠቃለሉ። በ1990ዎቹ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች አፍና ጭንቅላታቸውን፣ አመጋገባቸውንና መኖሪያቸውን አጥንተው እንደገና ለዩዋቸው። ዛሬ 15 ያህል ዝርያዎች ይታወቃሉ። ግማሽ ያህሉ አፋቸው ውስጥ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ ይህ እነሱ በሚመደቡበት በካርፕ ዓሣ ቤተሰብ ዘንድ ብርቅ ነው። እንግዲህ አንዲት የከንፈር ፎቶ፣ ቀንና ቦታ ተጽፎባት፣ ስንት ነገር እንደምትናገር አስቡት።

ቦታውን ግን ለራሳችሁ ያዙት። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ቦታውን አብሮ ሊመዘግብ ይችላል፤ ለሰው ከማጋራታችሁ በፊት አጥፉት። በክረምት ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ገልዳ ወንዞች ይወጣሉ፤ ከዚያ በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረብ የሚጣልባቸውም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል ብዛታቸው በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ወርዷል። እኔ በእነዚያ ወራት ወንዝ አፍ ላይ አላጠምድም፤ እናንተም ባታጠምዱ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ራሳችሁ ልምጣ። አንድ ምሽት ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ጀርባዬን ለውኃው ሰጥቼ በስልኬ የፊት ካሜራ ራሴን ከነዓሣዬ ሳነሣ፣ መስታወቱ ላይ ከትከሻዬ ጀርባ ሁለት ጆሮና ሁለት አፍንጫ ብቅ አሉ። ጉማሬ ነበር፤ ሣር ሊግጥ ወደ የብስ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ዓሣውን ለቅቄ፣ ስልኩን ጥዬ፣ መንገዱን ትቼለት ወደ ጎን ሮጥኩ። ሰው ቢጠራ የሚሰማ በአካባቢው አልነበረም።

ስለዚህ ስልኩን ወደ ውኃው ሳይሆን ዳርቻውን ተከትሎ እንዲያይ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ውኃው በጎናችሁ ይሁን እንጂ በጀርባችሁ አይሁን። ከቤት ስትወጡ የት እንደምትሆኑና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለእናታችሁ ወይም ለጓደኛችሁ ንገሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅም ዕቃችሁን ሰብስቡ።