«አራተኛዋም ሴት ናት ተባልሁ፤ ክኒኑን ልውሰድ ወይ?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰንብተዋል? ዕድሜዬ 29 ነው። የምኖረው ከደብረ ማርቆስ ራቅ ባለ ገጠር ነው፤ ሆስፒታል ለመድረስ በእግርና በመኪና ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሦስት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ትንሿ በኦፕራሲዮን ነው የተወለደችው፣ ገና ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። አሁን ደግሞ አርግዣለሁ። ባለፈው ሳምንት ከተማ ወጥቼ በአንድ የግል ክሊኒክ አልትራሳውንድ ስታይ «13 ሳምንት ከ4 ቀን ነው፣ ሴት ትመስላለች» አሉኝ። ባለቤቴ ሰምቶ ዝም አለ። አማቴ ግን «ማሕፀንሽ ወንድ አያወጣም፣ ልጄ ሌላ ያግባ» ማለት ጀምረዋል። ጎረቤቴ በሁለት ወሯ ከመድኃኒት ቤት ገዝታ የወሰደችው የጽንስ ማስወረጃ ክኒን ምንም እንዳላደረጋት ነግራኝ ስሙን በወረቀት ጻፈችልኝ። አልትራሳውንዱ ይሳሳታል? ክኒኑስ ማሕፀን ይጎዳል? ጤና ጣቢያ ሄጄ እንዳልጠይቅ ለባለቤቴ ይነግሩብኛል ብዬ ፈራሁ። (ከምሥራቅ ጎጃም)

መልስ፦ እህቴ፣ በወረቀቱ የተጻፈልዎትን ክኒን ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ አይግዙ። ገዝተውም ከሆነ አይዋጡት። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

የጠየቁኝ ስለ አልትራሳውንድና ስለ ክኒን ነው። እኔን የከበደኝ ግን በመሐል ጣል ያደረጓት የአማትዎ ንግግር ናት። ሦስት ልጅ የወለደች ሴት «ማሕፀንሽ» ተብላ ስትወቀስ ጥፋቱ በእርግጥ የእሷ ይመስላታል፤ ከዚያ በኋላ የምታደርገው ሁሉ ጥፋት ለማረም ነው። ጥፋት የለብዎትም። ይህን ለማጽናናት አላልኩትም፤ የሥነ ተዋልዶ ሀሁ ነው።

የሴት እንቁላል ሁልጊዜ የሚይዘው አንድ ዓይነት ክሮሞዞም ነው፤ ኤክስ ይባላል። የወንድ ዘር ሁለት ዓይነት ነው፤ ግማሹ ኤክስ ይይዛል፣ ግማሹ ዋይ። ዋይ የያዘው ከእንቁላሉ ከተዋሐደ ወንድ፣ ኤክስ የያዘው ከተዋሐደ ሴት ይጸነሳል። ነገሩ ያኔውኑ አለቀ። ማሕፀን የሚመጣለትን ተቀብሎ ያሳድጋል እንጂ ምርጫ ውስጥ የለበትም። ለአማትዎ ማስረዳት ካስፈለገ በእርሻ ያስረዷቸው፤ ጤፍ የተዘራበት ማሳ ገብስ አላበቀልህም ተብሎ ሲወቀስ ያየ ገበሬ የለም። ባለቤትዎንም ቢሆን አይውቀሱ፤ ከሚሊዮኖቹ የትኛው ዘር እንደሚቀድም እሱም አያዝበትም።

«ሦስት ሴት በተከታታይ የወለደች አራተኛዋም ሴት ናት» የሚለውም ልክ አይደለም፤ «አሁንስ ወንድ ይሆናል፣ ተራው ነው» የሚለውም እንዲሁ። ማሕፀን ተራ አይቆጥርም። በተፈጥሮ ለ100 ሴቶች 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ፤ በየእርግዝናው ዕድሉ ከግማሽ እምብዛም አይርቅም። አራት አራት ልጅ ያላቸው 16 ቤቶች ቢቆጠሩ አንዱ ቤት አራቱም ሴት፣ አንዱ ቤት አራቱም ወንድ ሆነው መገኘታቸው የሚጠበቅ ነው። በቀበሌዎ እንዲህ ያለ ቤት ስንት እንደሆነ ይቁጠሩ፤ አራት ወንድ የወለደችውን ግን «ማሕፀንሽ ሴት አያወጣም» ያላት የለም።

እዚህ ላይ እያለሁ ሌላውንም ልናገር። ሆዷ ሾጠጥ አለ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ፣ ማድያት አወጣች፣ ጎምዛዛ አማራት፣ ጽንሱ በቀኝ በኩል ረገጣት፤ አንዱም ጾታ አይናገርም። የጽንሱ ልብ በደቂቃ ከ140 በላይ ከመታ ሴት ናት የሚባለው ደግሞ አንዳንዴ ከባለሙያ አፍ ሲወጣ ይሰማል፤ ያሳፍራል። የጽንስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይመታል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሁሉም ይፈጥናል፣ ኋላ የሁሉም ይረጋል። ወንድ ያስወልዳል ተብሎ የሚሸጥ ሥርና ቅጠልም አለ። እሱን የሚሸጥ ሰው በኪሳራ አይወድቅም፤ ከጠጡት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ያለሱም ወንድ ይወልዱ ነበርና። ያልሆነላቸው ደግሞ «አጠጣጡን አበላሸሽው» ይባላሉ።

ወንድ ከሌለ ዘር ይቋረጣል፣ መሬት ይጠፋል መባሉ በተለይ ጎጃም ውስጥ ይደንቀኛል። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቆጠር ነበር። ዛሬም በአማራ ክልል የባልና የሚስት መሬት ደብተሩ በሁለቱም ስም ነው የሚወጣው። ግን ይህ የሐኪም ሥራ አይደለም፤ ወደ አልትራሳውንዱ ልመለስ።

አዎ፣ ይሳሳታል። በ13 ሳምንት ከ4 ቀን ጽንሱ ከአናቱ እስከ መቀመጫው 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ነው። ጾታ የሚታይበት ቦታ ያለችው ቡቃያ ከስንዴ ፍሬ ታንሳለች፤ እስከ 11ና 12 ሳምንት ድረስ በወንዱም በሴቷም አንድ ትመስላለች። ባለሙያው የሚያየው ወደ ላይ ቀና ማለቷን ወይም ጋደም ማለቷን ነው። ጽንሱ እግሩን ከገጠመ አትታይም፤ እትብቱ በእግሮቹ መሐል ካለፈ ሴቷ ወንድ ትመስላለች። «ትመስላለች» ማለታቸው ራሱ ግምት መሆኑን ይነግርዎታል። ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ግምት ነው። በእርግጥ ሴት ብትሆንም ከዚህ በታች የምለው አይለወጥም።

አሁን ስለ ወረቀቱ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አጭር ነው።

የጎረቤትዎ ክኒን ለጎረቤትዎ ነበር። እሷ በሁለት ወሯ ነው የወሰደችው፤ እርስዎ ይህን ሲያነቡ አራተኛው ወር ውስጥ ገብተዋል። እርግዝናው እየገፋ በሄደ ቁጥር ማሕፀን ለሚሶፕሮስቶል (ለዚህ ተብሎ ለሚሸጠው፣ ማሕፀንን አኮማትሮ ጽንሱን ለሚያስወጣው መድኃኒት) ያለው ስሜት ይጨምራል፤ መጠኑ የሚቀየረውም፣ ከ12 ሳምንት ወዲያ በሆስፒታል ተኝተው እንዲሆን የሚደረገውም ለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ ደሙ ይበዛል፣ እንግዴ ልጁም በከፊል ወጥቶ በከፊል ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ የኦፕራሲዮን ጠባሳ አለብዎት። ጠባሳ ያለበት ማሕፀን ያለ ክትትል በመድኃኒት እንዲያምጥ ሲደረግ አልፎ አልፎ በስፌቱ ላይ ይተረተራል። ጎረቤትዎ ይህ ጠባሳ አለባት? ክኒኑን የሚሸጥልዎ ሰውስ ሆድዎ ተቀዶ እንደሆነ ይጠይቅዎታል?

ከማሸጊያው ተቀዶ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ሚሶፕሮስቶል እርጥበት ስቦ ኃይሉ የወረደ ሊሆን ይችላል። ደም ታይቶም እርግዝናው የሚቀጥልበት ጊዜ አለ፤ መድኃኒቱ የልጁን እጅና እግር ወይም የፊት ነርቭ ሊጎዳ ይችላልና ያኔ ችግሩ ሁለት ይሆናል። እንዶድ መጠጣት፣ ሥር ወይም ሽቦ በማሕፀን ማስገባት ከዚህም የከፋ ነው፤ ሴትን የሚገድለውና መካን የሚያደርገው ይህ ነው።

የሚያስፈራራዎትን ብቻ ልነግርዎ ግን አልፈልግም። በሚገባው ሳምንት፣ በባለሙያ የተሰጠ የጽንስ ማቋረጫ ማሕፀን አያደርቅም፣ ቀጣይ እርግዝናም አይከለክልም። «አንዴ ያስወረደች አትወልድም» የሚባለው በቆሻሻ እጅ ከተሠራው የመጣ ነው።

ወስደው ከሆነስ? ወይም ይህ መልስ የደረሳት ሌላ ሴት ወስዳ ከሆነ? በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ ከራሰ፣ ይህም ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ከቀጠለ፣ መኪና የሚጠራው ያኔ ነው። ጠባሳ ያለባት ግን ይህን ያህል አትጠብቅ፤ ሁለተኛዋን ሰዓት ሳትቆጥር ትነሣ። ሆስፒታሉ ሦስት ሰዓት ከራቀ ለደሙ አምስት ሰዓት መስጠት ማለት ነው። ምጥ የሚመስለው ሕመም በድንገት ቆሞ ሆድ በሙሉ ስለት የመሰለ ሕመም ከያዘው፣ ዓይን ከጨለመ፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ እንዲሁ። ሕክምና ቤት ሲደርሱ የወሰዱትን መድኃኒት ስምና ሰዓት ይናገሩ። ማንም ሴት እየደማች መጥታ «ምን ወስደሽ ነው» ተብላ አትመለስም።

ጤና ጣቢያ ለባለቤትዎ ይነግርብኛል ብለው መፍራትዎ ይገባኛል። አይነግርም፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ለጽንስ ማቋረጥ አገልግሎት የባሏ ፊርማ አያስፈልጋትም።

ሕጉንም ሳልሸሽግ ልንገርዎ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንስ እንዲቋረጥ የሚፈቅደው እርግዝናው በመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱን ወይም የጽንሱን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖርበት፣ እናቲቱ ደግሞ በዕድሜዋ፣ በአካሏ ወይም በአእምሮዋ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ያልተዘጋጀች ስትሆን ነው። የጽንሱ ሴት መሆን ከነዚህ ውስጥ የለም። ይህ ማለት ግን በሩ ለእርስዎ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ልጅዎ በኦፕራሲዮን ከተወለደች ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነው የጸነሱት፤ ደም ማነስ፣ ግፊት ወይም ሌላ የጤና ሥጋት ካለ ሐኪሙ ያየዋል። ብቻዎን ገብተው ሁሉንም ይንገሩት። መጠየቅ ወንጀል አይደለም። በአንጻሩ ሴትን አስፈራርቶ ወይም አታልሎ ጽንሷን ማስወረድ ከባድ ወንጀል ነው። ቤት ውስጥ ማስፈራራት ካለ ይህንንም ከመናገር አይቆጠቡ።

«እንግዲያው የሴት ጽንስ እንዳይወርድ ውርጃን ሁሉ እንዝጋ» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። የቀን መቁጠሪያውን ይዩ፦ አብዛኞቹ ሴቶች ለዚህ አገልግሎት የሚመጡት ከ12 ሳምንት በፊት፣ ጾታው ሳይታወቅ ነው። የተደፈረችን የ16 ዓመት ልጅ «ጽንሱ ሴት ስለሆነ ይሆን?» እያሉ ማመላለስ አንዲት ሴት ጽንስ አያተርፍም። ልጅቷን ግን ከስምንተኛው ሳምንት ወደ አሥራ አምስተኛው ይገፋታል፣ ወይም ወደ ሽቦው። ለተደፈረች ሴት ቃሏ እንደሚበቃ አንቀጽ 552 ይላል፤ ማስረጃ የሚጠይቅ ነርስ ሕጉን አላነበበም።

ደቡብ ኮሪያን ልጥቀስ። በፈረንጆቹ 1990 እዚያ ለ100 ሴቶች 116 ወንዶች ይወለዱ ነበር። ውርጃ ያኔ ከጥቂት ምክንያቶች በቀር በሕግ የተከለከለ ነበር፤ የጽንስን ጾታ መናገርም ተከልክሎ ነበር። ቁጥሩ ወደ ተፈጥሮው የተመለሰው ሴት ልጅ በቤተሰብ ውስጥ ያላት ቦታ ሲለወጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትን ጨምሮ አምስት የተባበሩት መንግሥታት ተቋማትም በፈረንጆቹ 2011 በጋራ ያሉት ይኸው ነው፤ ጾታ መምረጥን ለመከላከል ተብሎ ደኅንነቱ የተጠበቀ ውርጃ አይዘጋ። በእኛ አገር የወሊዱ ሚዛን እንደዚያ አልተዛባም። እንዳይዛባ የሚያደርገው ከአማትዎ ጋር የሚደረገው ወግ ነው፣ የክሊኒኩ ባለሙያም ሳይጠየቅ «ሴት ትመስላለች» ማለቱን ቢተው።

በዚህ ሳምንት የሚያደርጉት ይህ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው ደምዎንና ግፊትዎን ያስለኩ፣ የደም ዓይነትዎን ይወቁ (አርኤች ኔጋቲቭ ከሆኑ በወሊድም በውርጃም ጊዜ የሚወሰድ መርፌ አለ)፣ የአይረንና ፎሌት ክኒን ይጀምሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ስትመጣ ባለቤትዎም እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ የኤክስና የዋይን ነገር ከእሷ ቢሰማው ይሻላል። ዝም ማለቱን ክፋት አድርጌ አልቆጥርም፣ ምናልባት እሱም እናቱን ፈርቶ ይሆናል። እርግዝናው ከቀጠለ የሚወልዱት ጤና ጣቢያ ሳይሆን ሆስፒታል ነው፤ ከወለዱ በኋላም ከሆስፒታል ሳይወጡ በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ወይም ሉፕ ማስደረግ ይችላሉ።

ከአንድ ወር በኋላ ሁለተኛ አልትራሳውንድ ይነሡ። ያኔ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ እንግዴ ልጁ የት ተቀምጧል? ዝቅ ብሎ በቀድሞው ጠባሳ ላይ ከተጣበቀ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ያስፈስሳልና ሆስፒታሉ አስቀድሞ ደም ማዘጋጀት አለበት። መልሱ በወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ሳያስጽፉ ከክፍሉ አይውጡ።