ለወጣት የኳርቴት ተጫዋቾች፦ የልምምዱን ሰዓት ለሃይድንም አካፍሉ

ልጆቼ፣

ክላሲካልና የዘመናችንን ሥራ ያጣመረ የስትሪንግ ኳርቴት (የሁለት ቫዮሊን፣ የቪዮላና የቼሎ) ኮንሰርት ስታዘጋጁ የልምምዱን ሰዓት የሚበላው አዲሱ ሥራ ነው። ኖታው እንግዳ ስለሆነ ያስፈራል፤ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦስትሪያዊ የሙዚቃ ደራሲ ሃይድን ግን «እሱንማ እናውቀዋለን» ይባልና ለመጨረሻው ሳምንት ይተዋል። መድረክ ላይ የሚፈርሰውም እሱ ነው። በአዲሱ ሥራ አንድ ድምፅ ቢዛነፍ አብዛኛው አድማጭ ላያውቅ ይችላል፤ በሃይድን ግን የሁለተኛው ቫዮሊን ትንሽ ስህተት መጨረሻ ወንበር ድረስ ይሰማል። አሥር ልምምድ ካላችሁ ቢያንስ አራቱን ለእሱ ስጡ።

ሥራዎቹን ስትመርጡ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ምክንያት ይኑራቸው። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ደራሲ ካሮላይን ሾው በ2011 እ.ኤ.አ. «አንትራክት»ን የጻፈችው የሃይድንን ኳርቴት ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 77 ቁጥር 2 (1799) ሰምታ፣ ሚኑዌቱ (በሦስት ምት የሚሄደው የጭፈራ ክፍል) ከኤፍ ሜጀር ወደ ዲ ፍላት ሜጀር ሲሻገር ተመስጣ ነው። ሃይድን 25 ደቂቃ ያህል፣ ወዲያው ሾው 11 ደቂቃ ያህል፤ ከዕረፍት በኋላ የሶቪየቱ ደራሲ የሾስታኮቪች 8ኛ ኳርቴት (1960)፣ 20 ደቂቃ ገደማ። ይበቃል። አዲሱን ሥራ በሁለት አሮጌዎች መካከል እንደ መራራ መድኃኒት መቅበር አልወድም።

የሃይድን ሚኑዌት ፈጣን ነው፤ ልኩ በሦስት ሆኖ ሳለ ዜማው ደጋግሞ በሁለት ይመደባል። ጭክጭካ የለመደ ጆሮ ይህን ቶሎ ይይዛል፤ እጅ ግን ይከዳል። አንደኛው ቫዮሊን የሁለቱን ምድብ ሲያጎላ ሌሎቹ ይከተሉታል፣ ባሩም (የሦስቱ ምት ክፍል) ይንሸራተታል። ሜትሮኖሙን በየምቱ ሳይሆን በየባሩ አንድ ጊዜ እንዲመታ አድርጉት፤ መጀመሪያ ሁለተኛው ቫዮሊንና ቪዮላ ብቻቸውን ይጫወቱ።

ቅኝት ላይ አትቸኩሉ። ከቼሎው የሲ አውታር ተነስታችሁ የጂ፣ የዲ፣ የኤና የኢ አውታሮችን በንጹህ አምስተኛ (በአምስት ኖታ ርቀት) ብትቃኙ፣ የቫዮሊኑ ኢ ከሲ ጋር ንጹህ ሦስተኛ ለመሆን ከሚያስፈልገው በ22 ሴንት ያህል ከፍ ይላል። ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነውና ማንም ይሰማዋል። ስለዚህ ሁላችሁም የኤ ድምፅን ከአንድ ሰው ተቀበሉ፣ አምስተኛዎቹን በ2 ሴንት ያህል አጥብቡ፤ ከዚያ ቼሎው ባዶ ሲን፣ አንደኛው ቫዮሊን ባዶ ኢን አብረው ይሳቡና አድምጡ። ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ የቀረውን በጣት የምታርሙት ነው። አዲስ አበባ ላይ በበጋ እንጨቱ ስለሚደርቅ መቃኛው ይላላል፤ ስታዞሩት ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት። አዲስ አውታር በኮንሰርቱ ዋዜማ አትቀይሩ፣ ገና እየተለጠጠ ይወርዳል።

የሾውን ሥራ መጀመሪያ ከየድርሻችሁ ሳይሆን ከሙሉው ስኮር (የአራታችሁም ድርሻ ካለበት ኖታ) አንብቡ። አውታሩን በግራ እጅ አፍናችሁ ደጋኑን ስትስቡ የሚወጣው ቃና አልባ ሹክሹክታ በመለማመጃ ክፍል ደስ ይላል፤ አዳራሽ ውስጥ ግን የአየር ማቀዝቀዣ ይውጠዋል። አንድ ሰው መጨረሻ ረድፍ ላይ ይቀመጥና ያዳምጥ፤ ማቀዝቀዣው እንዲጠፋም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሥራው የሚያበቃው ቼሎው ብቻውን በፒዚካቶ (አውታሩን በጣት እየነካካ) ነውና ሦስታችሁ ያን ጊዜ ገጽ አትግለጡ።

የሾስታኮቪች አምስት ክፍሎች ያለ ማቋረጥ ይቀጥላሉ፤ መሃል ላይ መቃኘት የለም። ከመውጣታችሁ በፊት ቃኙ፣ መድረክ ላይ መብራቱ መሣሪያዎቹን ካሞቃቸው በኋላ ደግሞ እንደገና አረጋግጡ። በአራተኛው ክፍል ቼሎው ከፍ ብሎ የሚዘምረው ዜማ ስላለ እዚያ ሌሎቻችሁ ድምፃችሁን ከምታስቡት በላይ ዝቅ አድርጉ። መጨረሻው እየሞተ ነው የሚሄደው፤ ደጋናችሁን ቶሎ ካወረዳችሁ ጭብጨባው የመጨረሻውን ድምፅ ይቆርጠዋል። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፣ ከዚያ አራታችሁም አብራችሁ አውርዱ።