ፓወር ሜትር፦ ፔዳሉ ወይስ የግራ ክራንኩ?

ሰላም ወንድሜ። ከኮምቦልቻ ደሴ እለማመዳለሁ፣ ሁለት ሳይክል አለኝ፣ የቱን ፓወር ሜትር (ሳይክሉን የምትገፋበትን ኃይል በዋት የሚለካ መሣሪያ) ልግዛ ላልከው፣ እኔ ፔዳሉ ላይ ያለውን እልሃለሁ። ፈተህ ሌላኛው ሳይክል ላይ ለማሰር አንድ ቁልፍ ይበቃሃል። ጫማህ ከፔዳሉ ጋር መግጠሙን ብቻ አስቀድመህ አረጋግጥ።

የግራ ክራንኩ (ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ) ላይ ያለው ዋጋው ቀለል ይላል። ግን የሚለካው ግራ እግርህን ብቻ ነው፤ ያንኑ በሁለት ያባዛዋል። ቀኝህ ከበረታ ቁጥሩ ያሳስትሃል። ገንዘቡ ካልደረሰ ግን እሱም አይከፋም፤ ሁሌ በአንድ መሣሪያ ከለካህ ለውጥህን ታያለህ።

መንገድህ ላይ ያለው የሐረጎ ዳገት ደግሞ አቅምህን ለመሞከር የተሠራ ነው የሚመስለው! በደንብ አሟሙቅና 20 ደቂቃ ሙሉ እኩል እየገፋህ ውጣ። አማካዩን ዋት በ0.95 አባዛው። 240 ዋት ከመጣልህ 228 ማለት ነው፤ ይህ ለአንድ ሰዓት ያህል ልትገፋበት የምትችለው ኃይል ግምት ነው፤ ልምምድህን በሱ ላይ ሥራ።

አንድ ነገር እንዳትረሳ። ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ ደሴ ይበርዳል፤ ሙቀት ሲቀያየር ልኬቱ ይዛባል። ሳይክሉን ከቤት አውጥተህ አየሩን እስኪለምድ ትንሽ አቁመው፣ ከዚያ ፓወር ሜትሩን ዜሮ አድርገህ ተነሳ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ላይ ስትጠጋ ዋትህ ትንሽ ቢወርድ አትደንግጥ፣ አየሩ ስለሳሳ ነው።